ሰላምታ የበዛበት ማስጠንቀቂያ

ጥቅምት 9
ቀይ

አቡሽ፣

ለጽሕፈት ቤታችን ደብዳቤ ለምን መልስ አልሰጠሽም ብለህ ጠይቀኸኛል። መልስ ያልሰጠሁት ደብዳቤያችሁ አረንጓዴው ቅርጫት ውስጥ ስለነበረ ነው።

ደንቡን አንተ ታውቀዋለህ፤ ያደግኸው በሱ ነው። ድንገተኛ ክፍል ሰው ሲገባ መጀመሪያ እንለያለን። የሚደማውና ትንፋሽ ያጠረው ቀይ፣ የሚያቃስተው ቢጫ፣ ቆሞ የሚያወራው አረንጓዴ። ቤቴ የሚገባውን ወረቀትም የማስተናግደው እንደዚያው ነው። ውሃ ሊቋረጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ቀይ ቅርጫት ይገባል። የአከራዬ ወረቀት ቢጫ። እንደምን ከረሙ የሚል ወረቀት ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ እሱ የሚነበበው እረፍት ሳገኝ ነው፣ እረፍት ካገኘሁ ደግሞ ቆየሁ። አንተም ደብዳቤህ ራስ ላይ ቀለሙን እየጻፍክ የምትልክልኝ ለዚሁ ነው።

የእናንተን ፖስታ ቆሜ ከፈትኩት። «በቅድሚያ ለክብርት ሲስተር ያለንን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽን» ይላል። ቀጥሎ ጤንነቴን ይጠይቃል፤ የግራ ትከሻዬ ሳይቀር ተጠይቋል። ቀጥሎ ለዘመናት አገልግሎቴ ምስጋና ይጎርፋል። ከዚያ ደግሞ ለመላው ቤተሰቤ መልካሙን ሁሉ ይመኛል። እንዲህ ተረጋግቶ የሚያወራ በሽተኛ ቢመጣብኝ ኮሪደር ላይ ወንበር ሰጥቼ ትንሽ ይጠብቁ ነበር የምለው። ደብዳቤውንም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ገጹን ሳልገለብጥ አረንጓዴው ውስጥ ከተትኩት። ከወረቀቱ ጀርባ፣ ከመልካም ምኞቱ ሁሉ በታች፣ ምዝገባዬን እስከ መስከረም መጨረሻ ካላሳደስኩ ከነርሶች መዝገብ እንደምሰረዝ መጻፉን ያወቅሁት ትናንት ነው።

እነሆ ተሰርዣለሁ። የጤና ጣቢያችን የነርሶች አስተባባሪ፣ ያቺ እኔ መርፌ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ፣ ቢሮዋ ጠርታኝ፣ ሲስተር ምዝገባ ሳይኖርሽ አንድ በሽተኛ ብትነኪ እስከ ዕድሜሽ መጨረሻ ያግዱሻል፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ አለችኝ። እያለቀሰች ስለነበር ልቆጣት አልቻልኩም። ካርድ ክፍል መድባኛለች። ነጩ ጋውኔ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እያየኝ የሰው ስምና ዕድሜ ስጽፍ እውላለሁ።

አንተ እዚያው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተቀምጠሃል። እባክህ አንድ ነገር በለኝ። ግን አትደውል፤ ስልክ ላይ ሰላምታህን ሳትጨርስ ሂሳብህ ያልቃል።

እህትህ

*

ጥቅምት 16
አረንጓዴ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ያ የግራ ትከሻሽ በብርድ ጊዜ የሚወጋሽ ነገር ተሻለው ወይ? ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋስ እንዴት ናቸው? ድመቷስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ባለቤቴ ደህና ናት፤ ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሹ ጥርስ ነቅሏል፣ እሱም ደህና ነው። የአለቃዬም ወገብ ለክፉ አይሰጥም። ይህ ደብዳቤ በሰላም እንደሚያገኝሽ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካላገኘሽም በሌላ ቀን በሰላም ያግኝሽ።

ወደ ጉዳዩ ስመጣ፣ እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የዘመድ ፋይል መንካት በእኛ ቤት ክልክል ነው። መሰረዝሽ እንደተሰማ ፋይልሽን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን ጠረጴዛ አሻገርኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ሳልፍ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አንገቴን ያመመኝ መስሏቸው ቅባት አምጥተውልኛል፤ ላለማስቀየም ተቀብያለሁ።

ልነግርሽ የምችለው ማንም ሰው መስኮት ላይ ቢጠይቅ የሚነገረውን ብቻ ነው። የተሰረዘ ነርስ በማመልከቻ አይመለስም። ዘንድሮ ከተመረቁት ልጆች ጋር የብቃት ፈተና ይቀመጣል፤ መጀመሪያ በጽሑፍ፣ ቀጥሎ በተግባር። ካለፈ በአዲስ ቁጥር እንደ አዲስ ነርስ ይመዘገባል። ፈተናው የሚሰጠው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። እስከዚያ ድረስ በሽተኛ መንካት የለበትም፤ ከነካ ፈተናውም ይቀራል። የምታጠኚውን መጽሐፍ በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ፤ መጽሐፉ ለማንም የሚሸጥ ስለሆነ ክልክል አይደለም።

በነገራችን ላይ ያቺን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አንብበሽ ከጨረስሽ ብትጥያት ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ የሚከማች ወረቀት አቧራ ያመጣል፤ አቧራ ደግሞ ለትከሻ ጥሩ አይደለም።

አክባሪ ወንድምሽ

*

ጥቅምት 24
ቢጫ

አቡሽ፣

ትከሻዬ አለ። ድመቷም አለች። ልብስ ሰፊዋም አለች።

ጣያት ያልከኝን ደብዳቤ አልጣልኳትም። አቧራ ለትከሻ እንደማይስማማ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሰምቼ ስለማላውቅ ነገሩ ከነከነኝ። ደብዳቤዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሥራ ቦታ ሄድኩና አዋላጃችንን የአንቺስ ማስጠንቀቂያ እንዴት ነበር አልኳት። አመጣችልኝ። ሦስት መስመር ናት። ምዝገባዎ በመስከረም መጨረሻ ያበቃል፣ ካላሳደሱ ይሰረዛሉ፣ ማኅተም። የክትባቷን ልጅ ጠየቅሁ፤ ሦስት መስመር። አስተባባሪዋን ጠየቅሁ፤ ሦስት መስመር፣ ያውም ማኅተሙ ተንጋዶ። ሁሉም በዚያው ሳምንት ሮጠው አሳድሰዋል፤ ለምን አይሮጡም፣ ያየ ሰው ይደነግጣል።

እንግዲህ ጽሕፈት ቤታችሁ ስለ ግራ ትከሻዬ ከማን ሰማ? አንተ ሕፃን ሆነህ ማሰሮ ሰብረህ ቁርጥራጩን አልጋ ሥር ስትደብቅ ፊትህ ላይ ይታይ ነበር። አሁን ደግሞ በጽሑፍህ ላይ ይታያል። እውነቱን ጻፍልኝ፤ ሰላምታ አትጻፍ።

ካርድ ክፍሉ እንዳልሞት ብቻ እየጠበቀኝ ነው። ሰው መስኮቱ ጋ ይመጣና ስምህ ማነው ስለው ምላሱን ያወጣልኛል፤ ያውቁኛላ። አንዷ ልጇን በመስኮቱ አሾልካ ጭኔ ላይ ልታስቀምጥ ምንም አልቀራት። እጆቼን ኪሴ ከትቼ ግቢ፣ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው በር እላለሁ። አስተባባሪዋ በየሰዓቱ ብቅ እያለች እጆቼ የት እንዳሉ ታያለች። በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛችን ደግሞ፣ ቆፍጣናው የምንለው፣ ተልእኮ እንደተሰጠው ሰው ዐይኑን አይነቅልብኝም። ሲስተር፣ ያ ሰውዬ ቁስሉን ሊያሳይሽ ነው፣ ፊትሽን አዙሪ ይለኛል።

የላክኸውን መጽሐፍ ጀምሬዋለሁ። ስለ እጅ መታጠብ ብቻ ሩቡን ይዟል። እጄን ስታጠብ ኖሬ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ላልፍበት ስንደፋደፍ ብታየኝ ትስቅ ነበር፤ አትሳቅ ግን።

እህትህ

*

ኅዳር 1
ቢጫ

እትዬ፣ እንደምን አለሽ

ይቅርታ፣ አልጻፍም ብዬ ነበር፤ ከእጄ አመለጠኝ።

አዎ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያዎቹን የማወጣው በፊደል ተራ ነበር። ሳወጣ ሳወጣ ያንቺ ስም ደረሰ። «ይሰረዛሉ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቴ እምቢ አለኝ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያበላሽኝ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ፣ ተረኛ ሆነሽ አድረሽ መጥተሽ ትምህርት ቤት ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ። ሰላም ሳልል ይሰረዛሉ እንዴት ብዬ ልበልሽ? አንድ መስመር ሰላምታ ብቻ ልጨምር አልኩ። አንዱ መስመር ብቻውን ሲሆን ደረቅ መሰለኝና ሌላ ጨመርኩ። ስለ ትከሻሽ ሳልጠይቅ ስለ ቤተሰብ መጠየቅ ደግሞ ነውር ሆነብኝ። እንዲህ እንዲህ ሲል ገጹ ሞላና ዋናው ነገር ወደ ጀርባ ሄደ።

ቀለም ልጽፍበት አስቤም ነበር፤ የመንግሥት ደብዳቤ ላይ ቀይ ብዬ መጻፍ አልደፈርኩም።

ከአንቺ ሌላ እንዲህ አድርጌ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያንን አሁን አላነሳውም፤ እሱም እንቅልፍ ነስቶኛል።

አለቃዬ ግልባጩን አግኝተው ጠሩኝ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነው ወይስ የልደት ካርድ አሉኝ። ጤናቸውን ጠይቄ ልመልስ ስል በቃህ አሉኝ። ከደብዳቤ ሥራ ተነስቼ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኛለሁ፤ እዚያ ሌላው የተናገረውን ከመጻፍ በቀር ከራሴ የምጨምረው የለም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። እጅሽን ሰብስቢ። ከፈተናው በፊት የሚመጣ ሰው ምንም ቢሆን፣ ማንም ቢሆን፣ አትንኪ።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 13
ቀይ

አቡሽ፣

አልነካሁም።

በሰው የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። የሰማኸው እውነት ነው፣ ልጁ ተወልዷል፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው የተወለደው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ግን አልነካሁም። ማን እንደነገረህ አላውቅም፤ የነገረህ ሰው ግማሹን ነው የነገረህ።

አዋላጇ ሌላ እናት ይዛ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። አስተባባሪዋ ስብሰባ ላይ ነበረች። የክትባቷ ልጅ ሰፈር ወጥታለች። ሴትዮዋ መስኮቱ ጋ መጥታ ስሟን ጀመረችና አልጨረሰችውም። ፊቷን ሳየው ካርድ እስኪወጣላት የሚጠብቅ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። ባሏን መኪና ፍለጋ አስሮጥኩት፤ እሷን አግዳሚው ላይ ተኚ አልኳት። ከዚያ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ አንዱን በአንዱ ጨብጬ ያዝኩ። ቆፍጣናውን ጠራሁት።

እጅህን ታጠብ አልኩት። መጽሐፉ እንደሚለው፣ እስከ ክርንህ። ጓንት አጥልቅ፣ ከዚያኛው ሳጥን ንጹህ ጨርቅ አምጣ አልኩት። ሁሉን አደረገ። የሚቆምበትን ቦታ ሳሳየው ግን ቀጥ አለ።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ በር ጠባቂ ነኝ» አለኝ።

«ዛሬም በር ላይ ነህ» አልኩት።

የቀረውን በአፌ ነው የሠራነው። አትግፊ ስላት አልገፋችም፣ ግፊ ስላት ገፋች። አትጎትት፣ ተቀበል ብቻ አልኩት፤ ተቀበለ። አንገቱን ደግፍ፣ ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ እናቱ ደረት ላይ አስተኛው፣ ሸፍነው፣ እትብቱን ተወው፣ አዋላጇ ትደርሳለች አልኩት። ልጁ አለቀሰ። ቆፍጣናውም አለቀሰ። ዐሥር ጊዜ ልዘረጋው የከጀለኝን እጄን እንዴት አድርጌ እንደያዝኩት እኔ አውቃለሁ፤ ጥፍሬ መዳፌ ላይ አሁንም ይታያል።

አዋላጇ ደርሳ የቀረውን ጨረሰች። እናትየዋ ደህና ናት፣ ልጁ ወፍራም ነው። ስም ወጥቶለታል፤ በቆፍጣናው ስም ነው የሰየሙት። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጮህ የነበርኩት እኔን አንድ ሰው እንኳ አላነሳኝም። ቆፍጣናው ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን የሚከፍተው በሁለት እጁ ነው።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እህትህ

*

ኅዳር 20
ቀይ

እትዬ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ስለምጀምር አትቀየሚኝ፤ ቀይ ነው።

የተሳሳትሽው አንድ ነገር አለ። ማንም አላነሳኝም ብለሻል፤ የልጁ አባት አንስቶሻል። ለጽሕፈት ቤታችን የምስጋና ደብዳቤ ጽፏል፤ ሁለት ገጽ ነው። እኔ ራሴ ከዚያ የሚበልጥ ሰላምታ አልጽፍም። በካርድ ክፍል የምትሠራው ደግ ሲስተር ሚስቴን አዋለደችልኝ፣ ሽልማት ይገባታል ይላል። ሽልማት ክፍል የሚባል ስለሌለን ወረቀቱ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። እዚያ ስምሽን ሲፈልጉ ተሰርዘሻል። ስለዚህ ምስጋናው ወደ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ተመራ፤ አሁን ያለ ምዝገባ በመሥራት የተከሰሰች ነርስ ጉዳይ ሆኗል። ጥፋተኛ ከተባልሽ ፈተናው አይኖርም፤ ለዘለቄታው ነው።

ዘመድ ስለሆንኩ ልውጣ ብዬ አመለከትኩ። ሌላ ፈጣን ጸሐፊ ስለሌለ ሰብሳቢያችን ተቀምጦ ይጻፍ፣ አፉን ግን እንዳይከፍት አሉ። አለቃዬም በር ላይ ይዘው ይህንኑ ደገሙልኝ።

ሰብሳቢያችን የድሮ ነርስ ናቸው፤ ጋውን ካወለቁ ብዙ ዓመታቸው ነው፣ አሁን የሚሠሩት በማስተማርና በማዘዝ ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጥብቅ ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ አንድ የራሳቸውን ጉዳይ ልነግራቸው ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። በየጊዜው ሰላምታዬን ሳልጨርስ መኪናቸው ይነሳል። ይህ ግን ካንቺ ጉዳይ ጋር አይገናኝም።

ለኮሚቴው የምትሰጪውን መልስ ለእነሱ ላኪ። ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። «ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር» ያልሽው ምንድን ነው?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 27
ቢጫ

አቡሽ፣

ነካሁ።

ልጁ አልቅሶ፣ እናቱ ተሸፍና፣ ሁሉ ደህና ሲሆን ቆፍጣናው ጓንቱን አየና ዐይኑ ተገለበጠ። ያ የሚያህል ሰው ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ካርድ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ ሊያርፍ ነበር። ደግፌ ያዝኩት። ወለሉ ላይ አስተኝቼ እግሩን ወንበር ላይ ሰቀልኩለት፣ የአንገቱን ቁልፍ ፈታሁለት። ነቃና ልጁ አለ ወይ አለኝ፤ አለ አልኩት፤ እንደገና ራሱን ሳተ።

ይህን ሳልደብቅ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ። ነገር ግን በሽተኛ አልነካሁም። በሽተኛ ማለት ካርድ ያወጣ ሰው ነው፤ ቆፍጣናው በዚያ ቀን ካርድ አላወጣም። ካርድ የማወጣው እኔ ስለሆንኩ ይህን በኃላፊነት ላረጋግጥ እችላለሁ። ሥራ ላይ ያለ የሥራ ባልደረባዬን እንዳይወድቅ ያዝኩ፤ በቃ።

ቀልዴን ነው እንዳትል፤ በጣም ፈርቻለሁ። ስሰረዝ ተናድጄ ነበር እንጂ አልፈራሁም፤ ፈተና ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር። አሁን ግን ለዘለቄታው የሚለውን ካነበብኩ ወዲህ ጠዋት ስነሳ እጄን አያለሁ። ባል አላገባሁም፣ ልጅ አልወለድኩም፣ አንተን አሳድጌ ጨርሻለሁ። ያለኝ ይኸው ነው፤ የሰው ግንባር ላይ ማረፍ የለመደ እጅ። እሱን ኪስ ውስጥ ከትቼ ቀሪ ዕድሜዬን ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው በር ስል እኖራለሁ ማለት ነው? አልችልም፤ ለማንም ያልነገርኩትን ላንተ ነገርኩህ።

አንተ ግን አፍህን እንዳትከፍት። የልጆችህ ጉሮሮ ነው። ታናሽ ወንድሜ በእኔ ምክንያት ከሥራ ቢባረር ከመሰረዝ ይብስብኛል። ዝም ብለህ ጻፍ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 5
ቀይ

ነፃ ነሽ። ፈተናውን ትቀመጫለሽ።

አሁን ተቀመጪና የቀረውን አንብቢ።

ኮሚቴው ትናንት ከሰዓት በኋላ ተሰበሰበ። መልስሽ ተነበበ። ዘበኛው ካርድ አለማውጣቱ ላይ ሲደረስ አንደኛው አባል ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። የመንካቱ ነገር እዚያው ላይ ተዘጋ። የከበደው የአፍሽ ጉዳይ ነው። ሰብሳቢያችን ነርስን ነርስ የሚያሰኘው እጅ ብቻ አይደለም አሉ። እኔ ጋውን ካወለቅሁ ስንት ዓመቴ ነው፣ የምሠራው በአፌ ነው፣ ታዲያ ነርስ አይደለሁም ወይ ብለው ጠየቁ። አይደሉም ያለ የለም። እንግዲያው ያለ ምዝገባ በአፍ ማዋለድም ያለ ምዝገባ መሥራት ነው፣ ቅጣቱም የታወቀ ነው አሉ። ወደኔ ዞረው ጻፍ አሉኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እትዬ፣ በሕይወቴ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ክብርት ሰብሳቢ አላልኩም። ይቅርታ ይደረግልኝ አላልኩም። ስለ ጤናቸውም አልጠየቅሁም።

«የእርስዎም ምዝገባ ተሰርዟል» አልኩ። «ከመስከረም ጀምሮ።»

ሌላኛው ሰው እሳቸው ነበሩ። የእሳቸው ስም ሲደርስም ጣቴ እምቢ ብሎኝ ነበር። ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም አሉ። ደርሶዎታል፣ ስለ ልጅዎ መመረቅና ስለ አዲሱ ቤትዎ ደስታችንን የገለጽንበት ነው አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ያንንማ አስታውሳለሁ፣ እንዴት ያለ ደብዳቤ ነበር፣ ለባለቤቴም አንብቤለታለሁ አሉ። ጀርባውን አይተውታል ወይ አልኳቸው። ከቦርሳቸው አወጡት፤ እንዳይጨማደድ በፕላስቲክ ሸፍነውታል። ገለበጡት። ሦስቱን መስመር ደጋግመው አነበቡ።

መጥፎ ሰው አይደሉም ብዬሽ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው እንግዲያው እኔም ከመስከረም ወዲህ ያለ ምዝገባ በአፌ ስሠራ ነበር አሉ። ቦርሳቸውን ይዘው ከስብሰባው ወጡ። የቀሩት አባላት እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አፍ ያስቀጣል ቢሉ መጀመሪያ የሚቀጡት ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። የወሰኑት እንዲህ ነው፤ የተሰረዘ ነርስ የሚጠየቀው በእጁ ለሠራው ነው፣ በጭንቅ ያለን ሰው በአፍ መርዳት ግን የማንም ሰው ግዴታ ነው። እኔም እንዳሉት ጻፍኩ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

አለቃዬ አፍህን እንዳትከፍት ተብለህ አልነበረም ወይ ብለው ተቆጡኝ። ነበር አልኳቸው። ወደ ደብዳቤ ሥራህ ተመለስ፣ አሁን ሦስት መስመር መጻፍ የምትችል ይመስለኛል አሉኝ።

ሰብሳቢያችንም ለዚያው ፈተና ተመዝግበዋል። አጠገብሽ ሊቀመጡ ይችላሉ። እንዳታስኮርጂያቸው።

ዛሬ ሰላምታ የለም።

ወንድምሽ

*

ጥር 12
አረንጓዴ

ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ ለምናፍቅህ ወንድሜ ለአቡሽ፣

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የትንሹ ጥርስ በቀለ ወይ? የአለቃህ ወገብስ? ያንን ግድግዳ ማየት ትተሃል ወይ፣ አንገትህ ቀና አለልህ ወይ? እኔ በጣም፣ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬ የምነግርህ ነገር ምንም የለም፤ ሰላምታ ብቻ ነው የምጽፍልህ። ካልጣመህ ኮሪደር ላይ ወንበር አለ።

ፈተናው ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሰብሳቢያችሁ ሰላም ብላሃለች። ሳንተዋወቅ ገብተን በእረፍት ሰዓት ሻይ ስንጠጣ ነው ማን ማን እንደሆንን የተገለጠልን፤ ሳቃችንን ሰምተው ፈታኞቹ ብቅ አሉ። እጅ መታጠብ ላይ እሷ በልጣኛለች። የተግባሩ ፈተና ላይ ያጋጠመኝ የላስቲክ በሽተኛ ሰላም አላለህም፤ እንደምን አደርክ ስለው ዝም ስላለኝ እኔም ተቀይሜዋለሁ።

አስተባባሪያችን ሰላም ብላሃለች። ጋውኔን ከሚስማሩ ላይ አውርዳ ራሷ ነች ያለበሰችኝ፤ መቼም እሷ አንድ ነገር ስታደርግ ሳታለቅስ አይሆንላትም። በአዲሱ ቁጥሬ በጤና ጣቢያው የመጨረሻዋ ጀማሪ ነርስ እኔ ስለሆንኩ የተረኛ ዝርዝር ላይ ከታች ተጽፌያለሁ፤ የክትባቷ ልጅ ሻይ አምጪልኝ ብላ ቀልዳብኛለች፣ እሷም ሰላም ብላሃለች።

ዛሬ ጠዋት እግሩን የሰፋሁለት አናጢ ሰላም ብሎሃል። ደም ግፊታቸውን የለካሁላቸው አሮጊት ሰላም ብለውሃል፤ ጨው ቀንሱ ብያቸው ተቆጥተውኛል። ትኩሳት የነበረባት ልጅ ግንባሯ ላይ እጄን ሳሳርፍ ዐይኗን ጨፈነች፤ ስትነቃ ስላንተ እነግራታለሁ።

ቆፍጣናው ሰላም ብሎሃል። ካርድ አውጥቷል፤ ለሚመጣው ጊዜ ዝግጁ ልሁን ብሎ ነው። በስሙ የተሰየመው ልጅም ትናንት ለክትባት መጥቶ ነበር። ሊወጋው የሚችል ሌላ ሰው ነበረ፤ እኔ ነኝ የምወጋው ብዬ አስቸገርኩ። ወጋሁት። እሪ አለብኝ፣ እኔም ደስ አለኝ። እሱም በለቅሶው መሃል ሰላም ብሎሃል።

ከጎን ጠረጴዛው የተላከልኝ የምዝገባ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሦስት መስመር ነው፤ ተመዝግበዋል፣ ቁጥርዎ ይኸው፣ ማኅተም። ሳየው ደንግጬ ቀይ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት፣ ከዚያ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ያን ጊዜ ነው ከማኅተሙ ሥር፣ በጭንቅ በሚታይ እርሳስ፣ «ትከሻሽስ?» የሚል ያየሁት። የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የዘመድ ፋይል የሚነካ ሰው በእናንተ ቤት የለም።

ትከሻዬ ደህና ነው፣ አቡሽ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሠርቼበታለሁ።

እህትህ